በጉ ታጥቧል

ረቡዕ ከቀትር በፊት ነጋሪት ተጎሰመ። ታላቁ ሰብሳቢ በአዳራሹ ሰገነት ላይ ቆሙ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማው አሰማ» አሉ። ከዚያ ሕዝቡ ፀጥ እስኪል ጠብቀው «በጉ ታጥቧል» አሉና ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ።

እንግዳ ሰው ቢሰማ «ታዲያ ምን ይሁን?» ይል ይሆናል። በግ በየትም አገር ይታጠባል። በእኛ ከተማ ግን በጉ ታጠበ ማለት በማግሥቱ አንድ ሰው ሌባ ይሆናል ማለት ነው። ማን እንደሚሆን በጉ እስኪቆም ድረስ አይታወቅም። የትኛው ሰፈር እንደሚሆን ግን በጉም ሳይታጠብ ይታወቃል።

እኔ የበጉ ጥላ ያዥ ነኝ። ለፍለጋ በሚወጣበት ቀን ፀሐይ አናቱን እንዳትመታው ጥላ ዘርግቼ ከጎኑ እሄዳለሁ። ሥራው ክብር አለው፤ ደመወዙ ክብሩን አላየውም። ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ነገር ግን ጥላ የያዘን ሰው ማንም አያየውም፤ ሰው ሁሉ የሚያየው ከጥላው ሥር ያለውን ነው። እንዲህ ሆኖ ብዙ ዓመት የቆየ ሰው ሳይወድ በግዱ አንዳንድ ነገር ያውቃል።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። በከተማችን አንድ ነገር ሲጠፋ ምስክር አይጠራም፤ ምስክር ይዋሻል። ዳኛም አይቀመጥም፤ ዳኛ ዘመድ አለው። በግ ግን አይዋሽም፤ ዘመዶቹም ቢሆኑ በየበዓሉ አልቀዋል። ስለዚህ ነጭ ሙክት ይታጠባል፤ ቀይ ጨርቅ አንገቱ ላይ ይታሰርለታል፤ ከዚያ እስከ ማግሥቱ አንዲት ሰበዝ ሣር እንኳ አይቀምስም። ይህ ሱባኤው ነው። ሲነጋ ገመድ ያዡ ከአዳራሹ በር አውጥቶ ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ ያዞረዋል፤ ዳገት በግ ያደክማል ይባላል። በጉ አፍንጫውን እያነፈነፈ ይወርዳል፤ አንድ ደጃፍ ላይ ደርሶ የቆመ እንደሆነ ያ ቤት የሌባ ቤት ነው። ቀለም ቀቢው በሩ ላይ ቀይ መስመር ያሰምርበታል።

አንድ መስመር ያለበት ያፍራል። ሁለት መስመር ያለበት ቆርቆሮው ተገፎ ቤቱን ሣር ያለብሳል። ሦስተኛው የተሰመረበት ከነቤተሰቡ ወደ ወንዝ ማዶ ይሻገራል። ከወንዝ ማዶ ድንጋይና ንፋስ አለ። የተመለሰ ሰው ስለሌለ ሌላ ነገር ይኑር አይኑር አላውቅም።

ከተማችን ተዳፋት ላይ ነው የተቆረቆረው። ላይ ሰፈር የድንጋይ አጥርና የብረት በር አለ። ታች ሰፈር ደግሞ አጥርም የለ፤ የቤቱ በር ሲከፈት መንገደኛውን ይገጨዋል። የሁለቱ ሰፈር ቋንቋ አንድ ነው፤ አንዳንድ ቃል ብቻ ይለያያል። ለምሳሌ ታች ሰፈር የጠፋ ነገር ስርቆት ይባላል፤ ላይ ሰፈር የጠፋ ጉድለት ይባላል። ስርቆት ሌባ አለው፤ ጉድለት ግን ባለቤት የለውም፤ እንደ ጤዛ ነው፣ ያድርና ይገኛል። ባለፈው ዓመት የመንገድ ማሠሪያው ገንዘብ ሣጥን ጎደለና ሣጥን ጠባቂው ደንግጠው ታመሙ። ከተማው አዝኖ ፍልውሃ ላካቸው። ሲመለሱ ወፍረው ነበር፤ ሁላችንም እንኳን አተረፈዎ ብለናል።

ሌባ ሁሉ ታች ሰፈር የሆነበትን ምክንያት የሚያስረዱ ሁለት ሰዎች አዳራሹ ቀጥሯል። ትልቁ ሊቀ ምክንያት ደምሰው ናቸው። የእሳቸው ትምህርት የአንገት ትምህርት ይባላል። ታች ሰፈር የሚኖር ሰው ቤቱ በር ላይ በቆመ ቁጥር ሽቅብ ያያል፤ የሰው ፎቅ፣ የሰው መጋረጃ፣ የሰው ሰንጋ ሲያይ አንገቱ ይታመማል፤ አንገቱ የታመመ ሰው ደግሞ እጁ የት እንደገባ አያይም። መድኃኒቱ ቀና አለማለት ነው። ለዚህም በዓመት አንድ ቀን የማቀርቀር በዓል አውጀዋል፤ ያን ዕለት ታች ሰፈር መሬት መሬት እያየ ይውላል። እርስ በርስ መጋጨት በዝቶ ነበር፤ እሱም በአንገት ምክንያት ነው ተብሎ ተተረጎመ።

ምክትላቸው ያየህይራድ ወጣት ነው። የእሱ የአፍ ትምህርት ነው። ላይ ሰፈር እናት ልጇን «ይምጣልህ» ትለዋለች፤ ታች ሰፈር እናት «ሮጥ በልና አምጣ» ትለዋለች። ጡት ከጣለ ጀምሮ አምጣ ሲባል ያደገ ልጅ፣ ካደገ በኋላ ከማን እንደሚያመጣ መለየት ያቅተዋል። ያየህይራድ ይህን ሲናገር ሰው ያለቅሳል፤ አምጣ የሚሉት እናቶች ሳይቀሩ ያለቅሳሉ። ደግሞም ከታች ሰፈር የወጣ ልጅ ስለሆነ ያምኑታል። ሳይሾም በፊት ሌላ ሐሳብ ነበረው። «በጉን አንድ ቀን ሽቅብ ብንወስደውስ?» ብሎ በጉባኤ ላይ ጠየቀ። አዳራሹ አልተቆጣውም። ምክትል አደረገው፤ የብረት በር ያለው ቤት ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ ጥናት ይፈልጋል ይላል። እያጠና ነው።

ከሁለቱም ትምህርት ውስጥ የሌለ አንድ ነገር ነበር። በጉ የሚቆምባቸው ቤቶች ጠላ የሚጠመቅባቸው ናቸው። ጠላ ካለ አተላ አለ። ከዋዜማው ጀምሮ እህል ያልቀመሰ ሙክት አተላ ሲሸተው ምን እንደሚያደርግ፣ በግ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ አያጣውም። ይህን የማያውቅ በከተማው አልነበረም፤ ይህን የተናገረም አልነበረም። ታች ሰፈር ያሉት ጠማቂዎች በጉ በታጠበ ማግሥት ገና ሳይነጋ ተነሥተው አተላቸውን ከራሳቸው ደጃፍ ወደ ሌላ ሰው ደጃፍ ያዘዋውራሉ። ከዚያ በየቤታቸው ገብተው ይጸልያሉ። ከሰዓት በኋላ መስመር የተሰመረበትን ሰው ያጽናኑታል፤ በማጽናናት የሚያህላቸው የለም።

እኔ የምኖረው እትዬ ማንጠግቦሽ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። የእሷ በር ላይ ሁለት መስመር አለ። መጀመሪያ ጠማቂ አልነበረችም፤ ላይ ሰፈር ልብስ አጣቢ ነበረች። አንድ ቀን በጉ በእሷና በጠማቂ ጎረቤቷ በር መካከል ቆመ። ቀለም ቀቢው ወዲያና ወዲህ አየና ለእጁ በሚቀርበው ላይ አሰመረ። መስመር ያለበት ሰው የጌቶችን ልብስ አያጥብምና ሥራዋን አጣች። ሥራ ሲጠፋ ጠላ መጥመቅ ጀመረች። ጠላ ስትጠምቅ አተላ አገኘች። አተላ ስታገኝ በጉ መጣ። ሊቀ ምክንያት ደምሰው በአደባባይ በጣታቸው አሳይተዋት «እነሆ፣ ሌብነት ወደ ጠላ ንግድ ይመራል» ብለው አስተማሩ። ተጨበጨበላቸው። እሷም ሰው ሁሉ ሲያያት አጨበጨበች።

አሁን ሣር ክዳን ሥር ከአራስ ልጇ ጋር ነው የምትኖረው። ሕፃኑ ገና ዓይኑን አጥርቶ አያይም። ሰኔ ገብቷል፤ ወንዙ ሞልቷል። ሦስተኛ መስመር ቢመጣ አራስ ልጇን ይዛ በዚያ ወንዝ እንዴት እንደምትሻገር አስቤ አስቤ ተውኩት።

ወደ ረቡዕ ልመለስ። የጠፋው የከተማው ጎተራ እህል ነው። ዘር ለማከፋፈል በሩ ቢከፈት ውስጡ አንድ መጥረጊያና አንዲት ድመት ተገኙ። ድመቷ ከስታለች፤ ይህም እህሉ ያለቀው አይጦቹ ከመሰደዳቸው በፊት መሆኑን ያስረዳል ተባለ። ቁልፉ ከጎተራው አባት ከአቶ መኩሪያው ወገብ ወርዶ አያውቅም። በዚያው ዓመት ላይ ሰፈር አዳዲስ ፎቅ ቤቶች ተሠርተው ነበር፤ አንደኛው የአቶ መኩሪያው ነው። ይህን የምናገረው ዓመቱን ለማስታወስ እንዲመች ብቻ ነው።

ጎተራው ያለው ላይ ሰፈር ስለሆነ ነገሩ ጉድለት መባል ነበረበት። ግን ጉድለት ተዘርቶ አይበቅልም፤ ዘር ሲጠብቅ የነበረው ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ስለዚህ ስርቆት ተባለና በጉ ታጠበ። ማጉረምረሙ ግን አልበረደም። አንድ ጎተራ እህል የትኛው ጎጆ ውስጥ ይገባል የሚል ሐሜት ከታች ተነሥቶ ሰገነቱ ድረስ ወጣ። ታላቁ ሰብሳቢ ይህን ሰምተው ኖሮ፣ ባርኔጣቸውን ከደፉ በኋላ እንደገና አወለቁትና አንድ ነገር ጨመሩ። በዚህኛው ፍለጋ በጉ በመጀመሪያ ላይ ሰፈርን አዳርሶ፣ ከዚያ በኋላ ቁልቁል ይወርዳል።

ያየህይራድ ደብተሩ ላይ አቀረቀረ። የላይ ሰፈር ሰዎች አጨበጨቡ። አቶ መኩሪያው ወደ ፊት ወጣ ብለው «በራችንን ከፍተን እንጠብቀዋለን፤ ንጹሕ ሰው በግ አይፈራም» አሉ። ሊቀ ምክንያት ደምሰውም በጉ የሚሸተው ኃጢአት ብቻ መሆኑን፣ ኃጢአት በሌለበት ሽታ እንደሌለ አስረድተው ሕዝቡን አሰናበቱ።

ከሰዓት በኋላ የሆነው ነገር ግን አዋጅ አልነበረውም። ላይ ሰፈር ሰንጋ የሚቀለበው በታች ሰፈር አተላ ነው። ሁልጊዜ ከሰዓት አሽከሮች አህያ እየነዱ ይወርዳሉ፤ ከየጠማቂው ቤት አተላ ገዝተው ይወጣሉ። ያን ዕለት አንድ አህያ አልወረደም። ከግቢያችን ሆኜ ሽቅብ ሳይ ደግሞ፣ በየአጥሩ ውጭ አሽከሮች የከብት ገንዳ አውጥተው በአመድ ይፈትጋሉ። የአንዱ ቤት እመቤት ራሳቸው ወጥተው ገንዳው ውስጥ አጎንብሰው አሸተቱ። ብዙ ስላየሁ አንገቴን አመመኝ።

የእትዬ ማንጠግቦሽ ጋኖች ሞልተው፣ አተላው ተርፎ በእንስራ ተቀምጦ ነበር። መጥታ አጠገቤ ቆመች። አሽከሮቹ ዛሬ ምን እንደነካቸው ጠየቀችኝ። ሰንጎቹ ጠግበው ይሆናል አልኳት።

«የሁሉም ሰንጋ ባንድ ቀን ጠገበ?»

እሷም ሽቅብ ገንዳ የሚፈትጉትን ስታይ ቆየችና፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ በሚመስል ድምፅ «በጉ ኃጢአት ነው የሚሸተው ይሉን የለ? ታዲያ የኔን አተላ ምን ፈሩት?» አለች።

ይህን ጥያቄ ጮክ ብሎ የጠየቀ ሰው ሰምቼ ስለማላውቅ ዞር ብዬ መንገዱን አየሁ። ማንም አልነበረም። አተላውን ቦዩ ውስጥ እንድትደፋው መከርኳት።

«ቦዩ ወዴት ነው የሚወርደው?»

ወደ ታች አልኳት።

«ከእኔ በታች ማን አለ?»

ከእሷ በታች ሦስት ቤት አለ። የአንደኛው በር ልክ እንደሷ ሁለት መስመር አለበት። እዚያ የሚኖረው ሽማግሌ ሸማኔ ነው፤ ጠላ አይጠምቅም፤ ሁለቱም መስመር በተሰመረበት ቀን አተላውን ሰው ነው ደጃፉ ያመጣለት።

ቅበሪው አልኳት። መሬቱ በዝናብ ስለራሰ ሽታው ተመልሶ ይወጣል አለች። ወንዝ ውሰጂው አልኳት። ወንዙ ጋ ዘበኛ ቆሟል፤ በጉ በታጠበ ቀን አተላ ይዞ ወንዝ የወረደ ሰው ምን እንደሚደብቅ ይጠየቃል። ምክር አለቀብኝ። በመጨረሻ፣ የሰፈሩ ሰው የሚያደርገውን ብታደርግ ማንም እንደማይፈርድባት፣ እሷም ላይ እንደተደረገ ነገርኳት።

«አዎ፣ ተደፍቶብኛል» አለች። «የደፋብኝንም አውቀዋለሁ። ሰላም እለዋለሁ፤ ለቅሶ ሲደርስበት ሄጄ አለቅስለታለሁ። ግን አውቀዋለሁ። እኔ እንደዚያ መታወቅ አልፈልግም።»

ከውስጥ ሕፃኑ አለቀሰና ገባች።

ሐሙስ ጠዋት ለሥራ ስወጣ የታች ሰፈር ደጃፍ ሁሉ እርጥብ ነበር። ሌሊቱን ዝናብ አልዘነበም። የእትዬ ማንጠግቦሽ በር ዝግ ነው፤ ደጃፏ ላይ ግን የእሷ ያልሆነ አተላ ተደፍቶ ታጥቦ፣ አመድ ተነስንሶበታል። ከእኔ ቀድማ ነው የተነሣችው።

አደባባዩ ሞልቶ ነበር። ላይ ሰፈር በቀኝ፣ ታች ሰፈር በግራ፣ እንደ ሁልጊዜው። በጉ ወጣ፤ ጥላዬን ዘረጋሁለት። ሱባኤው ጎድቶታል፤ የቀይ ጨርቁን ጫፍ ያኝክ ነበር። ታላቁ ሰብሳቢ ስለ በጉ አለመሳሳት አንድ ጊዜ፣ ስለ ከተማው አንድነት አንድ ጊዜ ተናገሩ። ቀለም ቀቢው ቆርቆሮውን ከፍቶ ብሩሹን ነከረ። ገመድ ያዡ የበጉን ፊት ወደ ዳገቱ ሊያዞር ሲል፣ ከታች በኩል ያለው ሕዝብ ተከፈለና እትዬ ማንጠግቦሽ እንስራ አዝላ፣ ሳፋ በእጇ ይዛ ወጣች።

መሀል አደባባዩ ላይ ሳፋውን አስቀመጠች። እንስራውን ከጀርባዋ አውርዳ አተላውን ሳፋው ላይ ገለበጠች። ወፍራም አተላ ነው፤ እየተንዶቀዶቀ ወረደ። ሽታው ወዲያው አደባባዩን ሞላው። ወገቧን ይዛ ቀና አለች፤ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች፤ ከዚያ በቀኝ ወዳሉት ዞረች።

«ጌቶቼ፣ ትናንት አሽከሮቻችሁ ሳይመጡ ቀሩ። ከብቶቹ እንዳይራቡባችሁ ብዬ ራሴ አመጣሁት። ገንዘብም አልፈልግ፤ የፈለገ ይውሰድ።»

በሌላ ቀን ቢሆን ነፃ አተላ ሲሉ አሽከር ከአሽከር ይራገጥ ነበር። ያን ጊዜ ግን ላይ ሰፈር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ማንም አላዘዘም። ንጹሕ ሰው በግ አይፈራም ያሉት አቶ መኩሪያው ከሁሉ ቀድመው ነው የሸሹት፤ ጀርባቸው የአዳራሹን ግድግዳ ሲነካ ቁልፋቸው ተንቃጨለ። ቀጥሎ ታች ሰፈርም ሸሸ። የሊቃውንቱ ወንበሮች ሲጎተቱ ተሰማ። ቀሚስ የሚሰበስብ፣ ጫማውን መሬት ላይ የሚጠርግ፣ የጎረቤቱን እጅ የሚያሸት ሰው አየሁ። ሲያበቃ መሀሉ ላይ ትልቅ ባዶ ክብ ቀረ፤ ውስጡ ሳፋውና እሷ።

«ወዲያ አድርጊው» አሉ ታላቁ ሰብሳቢ።

«ለምን፣ ጌታዬ?»

ድምፅዋ ውስጥ ስድብ አልነበረም። ነገሩን ለማወቅ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቀችው። ታላቁ ሰብሳቢ መልስ ፍለጋ ወደ ሊቀ ምክንያት ዞሩ። ሊቀ ምክንያት ደምሰው ለድርቅም፣ ለጎርፍም፣ ድርቅና ጎርፍ በአንድ ዓመት ለመምጣታቸውም ምክንያት የሰጡ ሰው ናቸው። አፋቸውን ከፈቱ። ትንሽ ጠበቅን። መልሰው ዘጉትና ምክትላቸውን አዩ። ያየህይራድ የማቀርቀር በዓል የደረሰ ይመስል መሬት መሬት ያያል። አንገቱ ቀልቷል።

በዚህ መሀል በጉ ገመዱን ሳበ። ገመድ ያዡ አንድ ሁለት እርምጃ ተከተለው፤ ከዚያ ተከትሎ ቢሄድ የሚቆመው ሳፋው አጠገብ መሆኑ ትዝ ሳይለው አልቀረም፣ ገመዱን ለቀቀ። በጉ ብቻውን ባዶውን አቋርጦ ሄደ። እኔም ከጎኑ መሄድ ነበረብኝ፤ ሥራዬ ነው። አልሄድኩም። ባዶ መሬት ላይ ጥላ ዘርግቼ ቆሜ ነበር።

በጉ አፉን ሳፋው ውስጥ ከተተ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የሚሰማው የእሱ መጠጣት ብቻ ነበር። ቀለም ቀቢው ብሩሹን እንደያዘ በር ሲፈልግ ዞር ዞር አለ፤ ቀዩ ቀለም ጫማው ላይ ይንጠባጠባል። በጉን መጥቶ የሚጎትተው አልተገኘም። ለመጎተት መቅረብ ያስፈልጋል።

እትዬ ማንጠግቦሽ ቁጢጥ አለች። «ሳፋው የልብስ ማጠቢያዬ ነው፤ እስኪጨርስ ልጠብቀው» አለች። ጨርሶ ቀና ሲል ሳፋውን ገለበጠች፤ በመዳፏ ከሥሩ የቀረውን ጠረገች፤ እንስራዋን አዘለች። ወደ ሕፃኗ ለመውረድ ስትዞር ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላት። በጣም ሰፊ መንገድ ነበር።